አፈርና ሸክላ የሚያምረኝ ካልሲየም ጎድሎኝ ነው?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ 24ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ። የመጀመሪያዋ ልጄ 1 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ የእርጥብ አፈር ሽታ ሲመጣብኝ አፌ ምራቅ ይሞላል። መጀመሪያ ማሽተት ብቻ ነበር። አሁን ግን የሸክላ ስባሪ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቆረስ አድርጌ እቆረጥማለሁ። ጠመኔም ሞክሬያለሁ። በረዶማ ቀኑን ሙሉ ነው የማኝከው። ኢንተርኔት ላይ ‹ሰውነት የጎደለውን ይጠይቃል፣ የጎደለሽ ካልሲየም ነው› የሚል አነበብኩ። ስለዚህ የካልሲየም ኪኒን ገዝቼ ከአይረኑ ጋር አንድ ላይ እውጣለሁ። አምሮቱ ግን አልቀነሰም። በ10ኛ ሳምንቴ ሄሞግሎቢኔ 11.4 ነበር፤ ‹ደምሽ ጥሩ ነው› ተባልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ስባሪውን አይቶ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ልጄን እየጎዳሁ ነው? ወይስ አእምሮዬን ነው የሚያመኝ?»

ምላሽ፦ ካልሲየም አይደለም። ከጻፍሽው ሁሉ እኔ የምጠረጥረው የአይረን ክምችትሽ ማለቁን ነው። «ጥሩ ነው» የተባለው 11.4ም ይህን ጥርጣሬ አያነሳልኝም። አላበድሽም። ልጅሽን ስለመጉዳት ለጠየቅሽው ግን መልሴ እንደምትበዪው ነገር ይለያያል። በረዶው ብዙም አያስጨንቀኝም። የሸክላው ስባሪ ግን ያስጨንቀኛል፤ ዛሬውኑ እንድትተዪው እፈልጋለሁ።

ምግብ ያልሆነ ነገር ደጋግሞ ማማርና መብላት በሕክምና «ፒካ» ይባላል። ቃሉ የላቲን ነው። ያገኘውን ሁሉ በአፉ ይለቅማል የሚባል የአንድ ወፍ ስም ነው። አንድ ቀን ቀምሶ መተው ፒካ አይባልም። ቢያንስ አንድ ወር ሲቀጥል ነው ስሙ የሚሰጠው፤ ያንቺ ሁለት ወር አልፎታል። አዲስ በሽታም አይደለም። ሶራኖስ የተባለው የኤፌሶን ሐኪም ከዛሬ 1900 ዓመት ገደማ በፊት ስለ ነፍሰ ጡሮች እንዲህ ያለ አምሮት ጽፏል። በ2016 ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባለው ጊዜ ፒካ ያለባቸው ሴቶች 28 በመቶ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ከአራት ሴቶች ከአንዷ በላይ ማለት ነው። ቀጠሮሽን ስትጠብቂ ወንበር ላይ አጠገብሽ ከተቀመጡት መካከል አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ ያንቺው ዓይነት ጥቅል ይዛ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ለምን አይሰማም? ስለሚያሳፍር ነው። በቋንቋችን «አፈር ብላ» ስድብ ነው። አንዲት ሴት ሐኪም ፊት ተቀምጣ «አፈር እበላለሁ» ማለት ቢከብዳት አይፈረድባትም። እኔም ብዙ ዓመት የምጠይቀው «ምን ያምርሻል?» ብዬ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ ብርቱካን ነው። ጥያቄውን ቀይሬ «አፈር፣ ሸክላ፣ በረዶ፣ ጠመኔ፣ ከሰል፣ የሳሙና ሽታ፤ ከእነዚህ የሚያምርሽ አለ?» ስል ግን ብዙዎቹ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዴት አወቅሽ?» ይሉኛል።

አሁን ወደ ካልሲየሙ ልምጣ። «ሰውነት የጎደለውን ይጠይቃል» የሚለው አባባል ደስ ይላል፤ እዚህ ላይ ግን አይሠራም። በረዶውን እይው። በረዶ ውሃ ነው። አይረንም ካልሲየምም ብሎ ነገር የለበትም። ሆኖም የአይረን እጥረት ያለበት ሰው በረዶ ሲያኝክ ይውላል፤ ይህ በሕክምና በጣም የታወቀ ምልክት ነው። አፈርና ሸክላም ውስጥ አይረን ቢኖር አብዛኛው እንደ ዝገት ያለ፣ አንጀት በቀላሉ የማይቀበለው ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ሸክላ ከምግብሽ ጋር የገባውን አይረንና ዚንክ ይዞ አብሮት ከሰውነት ይወጣል። ስለዚህ አምሮቱን እንደ ምልክት ውሰጂው። የሆነ ነገር እንደጎደለ ይነግርሻል። የጎደለው ምን እንደሆነ ግን የምትበዪው ነገር አይነግርሽም፤ እሱን የሚነግርሽ ምርመራ ነው።

አይረን የት እንደሚሄድ ልንገርሽ። አንድ እርግዝና በድምሩ 1000 ሚሊግራም ያህል አይረን ይፈልጋል። 300 ያህሉ ለጽንሱና ለእንግዴ ልጁ ይሄዳል። 500 ያህሉ ያንቺ ደም ሲጨምር አብሮ ለሚጨምሩት ቀይ የደም ሴሎች ነው። ቀሪው በየቀኑ ከሰውነት የሚወጣውን ይተካል። የመጀመሪያ ልጅሽን ወልደሽ ደም ፈሶሻል። ዓመት ሳይሞላት ሁለተኛውን አረገዝሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ የሚመክርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ሆኗል። ግን ሰውነትሽ የመጀመሪያውን ዕዳ ሳይከፍል ሁለተኛውን እንደተበደረ ማወቅ አለብሽ።

ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለው አይረን ያዘለ ነገር፣ ኪስሽ ውስጥ ያለ ገንዘብ ነው በዪው። የአይረን ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ደግሞ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥሽው ቁጠባ ነው። ሰውነት መጀመሪያ ከሣጥኑ ያወጣል። ሣጥኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ኪስሽ ሙሉ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የደም ማነስ የሚባለው ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ሲሆን ነው። አንቺ 11.4 ነበርሽ፤ ስለዚህ በሕጉ «ጥሩ» ነው። ግን ያኔ ሣጥኑን የከፈተው የለም። ደግሞም ከዚያ ወዲህ 14 ሳምንት አልፏል፤ ጽንሱ አይረን አብዝቶ የሚወስድበት ጊዜ ገና እየመጣ ነው። ፌሪቲን ከ15 በታች ከሆነ ሣጥኑ ባዶ ነው። ብዙ ሐኪሞች፣ እኔንም ጨምሮ፣ በነፍሰ ጡር ላይ ከ30 በታች ሲሆን ማከም እንጀምራለን።

የአይረን እጥረት ለምን እንዲህ ያለ አምሮት እንደሚያመጣ የሚከራከሩ ብዙ ናቸው። አንዱ ሐሳብ አይረን ሲያንስ አንጎል ውስጥ የመፈለግና የመርካት ሥርዓት ይዛባል የሚል ነው። በበረዶ ላይ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ጥናት አለ፤ የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች በረዶ ሲያኝኩ ንቃታቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። ድካምሽ ለጊዜው ቀለል የሚልሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሸክላን በተመለከተም ማቅለሽለሽን ያስታግሳል፣ አንጀትን ይሸፍናል የሚሉ አሉ። ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ በአንድ ወቅት በተቅማጥ መድኃኒት ውስጥ ይገባ ነበር። ግን ለመድኃኒት የተጣራ ሸክላና ከወለል የተነሳ ስባሪ አንድ አይደሉም። የአይረኑን ግንኙነት ግን ቁጥሩ ይናገራል። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2015 ትንተና፣ ፒካ ያለበት ሰው የደም ማነስ የመገኘት ዕድሉ ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ዚንክም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

አሁን ሳታውቂ የሠራሽውን ስህተት ልንገርሽ። ካልሲየሙን ከአይረኑ ጋር አንድ ላይ መዋጥሽ አይረኑን እያባከነው ነው። ካልሲየም አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ጠመኔውም ያው ነው፤ የጨጓራን አሲድ ያበርዳል፣ አይረን ደግሞ ያን አሲድ ይፈልጋል። ጠመኔ «ካልሲየም ነው» ብለሽ እንዳትጽናኚ። አንዳንዱ ጠመኔ ጭራሽ ጂፕሰም ነው፤ ሁሉም ለሰሌዳ እንጂ ለሆድ አልተሠራም። ካልሲየሙን ግን አውጥተሽ አትጣይው። ሐኪምሽ ለደም ግፊት መከላከያ ካዘዘልሽ ይጠቅምሻል። በመካከላቸው ጥቂት ሰዓታት አድርጊ። ለምሳሌ አይረኑ ጠዋት፣ ካልሲየሙ ማታ ከምግብ ጋር።

ሸክላው ላይ ለምን ጠበቅ እንዳልኩ ለማስረዳት አንድ ታካሚዬን ላንሳ። ስሟን አልጠራም። ሄሞግሎቢኗ በአይረን ኪኒን አልነሳ ብሎኝ ነበር። መጠኑን ጨመርኩ፤ አልነሳም። ዓይነቱን ቀየርኩ፤ አልነሳም። በመጨረሻ «መድኃኒቱን እየዋጥሽ አይደለም» ብዬ ተቆጣኋት። አንድ ቀን ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች። ክፍሌ ጥግ ላይ የሸክላ የአበባ ማስቀመጫ አለ፤ ጠርዙ ተሰብሯል። እኛ ስናወራ ልጅቷ ሄዳ ከጠርዙ ቆረስ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተችው። ቀርጨጭ የሚለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናትየዋ ፊቷ ደም መሰለ። «ከእኔ አይታ ነው» አለች። ለአራት ወር በየቀኑ ሸክላ ትበላ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ኪኒኑን እየዋጠች ነበር፤ ሸክላው ከሥር ከሥሩ እያገደው ነበር። የዚያን ቀን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ያለፍኳት ነፍሰ ጡር የለችም።

አይረኑን ማገዱ ግን ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ሊድ ነው። በአማርኛ እርሳስ የምንለው ከባድ ብረት ማለቴ ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ስለሆነ ከእሱ ጋር አይምታታብሽ። ሊድ በአፈር፣ በሸክላ ዕቃ ቅብ፣ በአሮጌ የግድግዳ ቀለም ውስጥ ይገኛል። በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ጽንሱ ይሄዳል። የአንጎሉን ዕድገት ይነካል። የእናትን የደም ግፊት ይጨምራል፣ ያለጊዜ ወሊድንም ያመጣል። «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል የታወቀ መጠን የለውም። አብዛኛውን ጊዜም ምንም ስሜት አይሰጥም፤ «ደህና ነኝ እኮ» ማለት እዚህ ዋጋ የለውም። ይህን በደንብ አንብቢልኝ፦ ሊድ ወደ ሰውነት የሚገባው አይረንና ካልሲየም በሚገቡባቸው በሮች ነው። አይረን የጎደለው አንጀት በሩን ከፍቶ ስለሚጠብቅ ሊዱን አብዝቶ ያስገባል። ማለትም ሸክላ የሚያምራት ሴትና ሸክላው ይበልጥ የሚጎዳት ሴት ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው።

«እሳት ላይ ጠብሼ እበላዋለሁ፣ ንጹሕ ነው» የሚሉ አሉ። እሳት የትል እንቁላልን ይገድላል። ሊድንና አርሴኒክ የሚባለውን ሌላ መርዝ ግን አይነካም። «ታሽጎ የሚሸጥ፣ ለነፍሰ ጡር የተዘጋጀ ነው» የሚሉም አሉ። እንዲህ ተብሎ በሚሸጥ ሸክላ ውስጥ ሊድና አርሴኒክ ተገኝቶ የጤና ባለሥልጣናት ነፍሰ ጡሮችን ያስጠነቀቁበት ጊዜ አለ። ጥሬ አፈር ከሆነ ደግሞ ወስፋትና ሌሎች የአንጀት ትሎች፣ የድመት ዓይነ ምድር ከነካው ጽንስን ሊጎዳ የሚችል ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋሲ ይጨመርበታል። አንዳንዶቹ ትሎች በበኩላቸው ደም ይመጥጣሉ፤ እንደገና አይረን ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ድርቀት አለ፣ ጥርስ መሰንጠቅ አለ፣ ብዙ ሲሆን የአንጀት መዘጋት አለ። ሸክላ አብዝተው ሲበሉ ፖታሲየም ወርዶ ጡንቻቸው የከዳቸው ሰዎችም ታይተዋል።

ይህን የምታነቡ ሌሎች እህቶች አምሮታችሁ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ልጨምር። ጥሬ ስታርች፣ ማለትም ከበቆሎ ወይም ከድንች የሚወጣው ነጭ ዱቄት፣ መርዝ አይደለም። ግን ሆድ ሞልቶ ምግብ ያስተዋል፣ ስኳርም ከፍ ያደርጋል። የእርግዝና ስኳር ያለባት ሴት ለሐኪሟ መናገር አለባት። ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ መብላት ቀላል ይመስላል፤ ግን የደምን የጨው ሚዛን አናግቶ ሆስፒታል ያስተኛ ነው። የክብሪት ራስ አይነካ። ልብስን ከብል ለመጠበቅ የሚቀመጠው ናፍታሊን ከሁሉም ይብሳል። ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ የእናትየዋን ብቻ ሳይሆን የጽንሱንም ጭምር። የቤንዚን፣ የቀለም መቅጠኛና የማጣበቂያ ሽታ ለሚያምራችሁ፦ «አልበላሁትም፣ አሸተትኩት እንጂ» አይባልም። ሽታው በሳንባ ገብቶ ደም ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ጽንሱንም ያገኘዋል። ዝናብ ሲያረጥበው የሚሸተው የአፈር ሽታ ግን አይጎዳም። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ነው የሚመጣው። በሩን ከፍተሽ አሽትቺው።

ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ወሩን አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት የክትትል ቦታሽ ሂጂ። ስትደርሺ «ድካም አለኝ» ብለሽ አትሸፋፍኚው። እንዲህ በዪ፦ «ከሁለት ወር ወዲህ ሸክላ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እበላለሁ፣ በረዶ አኝካለሁ፣ ጠመኔም ሞክሬያለሁ።» መናገር ከከበደሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪ። ይህን ያደረጉ ታካሚዎች አሉኝ፤ ወረቀቱ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ሙሉ የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን፣ የደም ሊድ መጠንና የሰገራ ምርመራ ጠይቂ። ፌሪቲን ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ጊዜ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል አሞሽ ከነበረ ንገሪያቸው። ፌሪቲን የማይሠራበት ቦታ ከሆንሽ፣ ያንቺ ታሪክ ብቻውን ለሕክምና በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሊዱ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከወጣ ምንጩ ይፈለጋል፣ ምርመራውም ይደገማል። ከ45 በላይ ከሆነ ልዩ ሕክምና የሚታሰብበት ደረጃ ነው። በዝቅተኛው ደረጃ ዋናው መድኃኒት ስባሪውን መጣል ነው። አይረንና ካልሲየምሽ መሟላቱም ሊዱን ለመቀነስ ይረዳል።

አይረኑን በተመለከተ፣ ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር የሚሰጠው በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም መከላከያ ነው። ባዶ ሣጥን ለመሙላት ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። መጠኑን ሐኪምሽ ይወስን፤ ከመሬት ተነስተሽ እጥፍ አታድርጊው። አንድ ቀን ብዙ መዋጥ ሰውነት በማግስቱ በሩን እንዲዘጋ ስለሚያደርገው፣ ኪኒኑ ያስቸገራት ሴት አንድ ቀን እየዘለለች ብትወስድ የሚሻልበት ጊዜ አለ። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው። ሻይና ቡና ከእሱ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ድርቀት ከመጣ ወይም ጨጓራሽን ካመመሽ ዝም ብለሽ አታቋርጪው፤ ተናገሪ፣ ዓይነቱ ይቀየራል። ኪኒን ጭራሽ ካልተስማማሽ፣ ከወር በኋላ ቁጥሩ ካልነሳ፣ ወይም ወሊድ ከቀረበ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ይሰጣል፤ አንቺ አልፈሻቸዋል። ምግቡ፣ ማለትም ሥጋው፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ይርዳሽ፤ ግን ባዶ ሣጥን በእርግዝና መሐል በምግብ ብቻ አይሞላም። ይሞላል የሚሉሽ ካሉ አትስሚያቸው።

እጥረቱ አይረን ከሆነ አንድ ደስ የሚል ነገር ታያለሽ። የበረዶ አምሮት ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢን ገና ሳይነሳ፣ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ሴቶች ተመልሰው መጥተው «በረዶው ትዝ እንኳ አላለኝም» ይሉኛል። የአፈርና የሸክላው ዘገም ሊል ይችላል፤ እሱ ውስጥ ልማድም ስላለበት።

እስከዚያው ስባሪውን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ጣዪው። ቤት ውስጥ ሌላ ቦታ «ለክፉ ቀን» እንዳታስቀምጪ። አምሮቱ ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ይበረታል፣ ይወርዳል። የሚያምርሽ ምኑ እንደሆነ ልብ በዪ። ድምፁና መቆርጠሙ ከሆነ የደረቀ ዳቦ፣ ጥሬ ካሮት፣ የተቆላ ለውዝ አጠገብሽ ይሁን። ቅዝቃዜው ከሆነ በረዶውን ከማኘክ ምጠጪው፤ ጥርስሽ ይተርፋል። የቀዘቀዘ ፍራፍሬ ደግሞ ይሻላል። የሚብስብሽ ሰዓት ካለ፣ ብዙዎች ማታ ሰው ሲተኛ ይሉኛል፣ ያንን ሰዓት ብቻሽን አታሳልፊው። አንድ ቀን ቢያሸንፍሽ «አበቃልኝ» ብለሽ ሁሉንም አትተዪ። በማግስቱ ቀጥዪ።

ስለ አእምሮ ለጠየቅሽው፣ ፒካ ያለባቸው አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች የአእምሮ ሕመም የለባቸውም። ግን አይረኑ ሞልቶም አምሮቱ ካልለቀቀሽ፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ያለ የሚቆርጥ ነገር ካማረሽ፣ ወይም ጭንቀቱና ሐዘኑ ቀንሽን ካጨለመው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጨምሪ። እሱም ሕክምና ነው። «አምሮቷ ካልተሟላላት ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» የሚባለውን ሰምተሽ ከሆነ ደግሞ እርሺው። አንድም ልጅ እናቱ ሸክላ ስለተወች ምልክት አልወጣበትም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ሆድ በኃይል አሞ ትውከት ከመጣና ሰገራም ጋዝም ካልወጣ፣ ተቀምጠሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ልብሽ በኃይል ከመታ፣ እጅ እግርሽ ከዛለ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ የዚያኑ ሰዓት ሂጂ። ናፍታሊን፣ ክብሪት ወይም የጽዳት ኬሚካል የዋጠች ሴት ለማስመለስ አትሞክር፤ ማሸጊያውን ይዛ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።

ለባለቤትሽ እውነቱን ንገሪው። ይህን ጽሑፍ አስነብቢው። እሱን የምፈልገው አንቺን እንዲጠብቅሽ አይደለም፤ ማታ አብሮሽ እንዲቀመጥ፣ ኪኒኑን እንዲያስታውስሽና ትንሿን ልጅሽን እንዲያይልሽ ነው። እሷም አንቺን አይታ ስባሪ አፏ ከታ ከሆነ የደም ሊድና የአይረን ምርመራ ይደረግላት። የአይረን ኪኒኑን ደግሞ እጇ በማይደርስበት፣ በሚቆለፍ ቦታ አስቀምጪ። ለአንቺ መድኃኒት የሆነው ኪኒን በዚያ ዕድሜ ላለች ልጅ ጥቂቱ እንኳ ሊገድል ይችላል።

ስትወልጂ አምሮቱ ብዙ ጊዜ ይቆማል። ያኔ ሴቶች ኪኒኑንም አብረው ያቆማሉ። አንቺ ግን አታቁሚ። ሄሞግሎቢንሽ ከተስተካከለ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ከወለድሽም በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀጥዪና ፌሪቲንሽን እንደገና አስለኪ። የሊድ መጠንሽ ከፍ ብሎ ከነበረ ሕፃኑም ሲወለድ ይመርመር። ከዓመት በኋላ፣ ሳታረግዢም ቢሆን፣ ዝናብ ዘንቦ ያ ሽታ አፍሽን በምራቅ ከሞላው ወይም እጅሽ ወደ በረዶው ከሄደ፣ ማንንም ሳትጠይቂ መጀመሪያ ፌሪቲንሽን ተመርመሪ።